ሃያ፣ አሥር፣ አምስት

ለምወድህ ወንድሜ፣

ዓይንህ ከብየዳው ብልጭታ ተርፎ፣ ወገብህም ደኅና ሆኖ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስህ እመኛለሁ። እናታችንስ እንዴት ናት? ደረጃውን ስትወጣ አሁንም መሃል ላይ ቆም እያለች ትተነፍሳለች? እኔ ከአንድ ቂም በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ሦስት ወር ሙሉ ስልክህን ያላነሳሁት ስልኬ ተበላሽቶ አይደለም። ይህንንም ደብዳቤ በማንም አላስጻፍኩም። የማደሪያ ክፍሌን በር ዘግቼ፣ ኮምፒውተሩ የመታሁትን ፊደል እያነበበልኝ ራሴ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ወሬዬን ልንገርህ። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሺህ አምስት መቶ ሜትር ማጣሪያ አለ። የውል ሕግ ፈተናዬም ለዚያው ቀን፣ ለዚያው ሰዓት ተይዞ ነበር። ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ልጄ፣ ሁለት ወዶ አይሆንም አሉኝ። ሁለት እግር የተሰጠኝ ለዚሁ ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ግን ማየት ለማትችል ልጅ ዲግሪው ብቻውን መች አነሳት ብለው አጉተመተሙ። በማግስቱ ውድድር ላለበት ተማሪ ፈተና ይዛወራል የሚለውን የዩኒቨርሲቲውን ደንብ አንቀጽ በብሬይል ገልብጬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን ሲያገላብጡት ይሰማኛል። ምንድን ነው የሚለው? አሉኝ። ላንብብልዎ? አልኳቸው። አነበብኩላቸው። ፈተናዬ ወደ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዞረ።

በገመድ እጅ ለእጅ ተያይዘን አብራኝ የምትሮጠው አዲሷ መሪ ሯጬ የነርስነት ተማሪ ናት። አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ እንላታለን። አብረን መሮጥ የጀመርን ሰሞን፣ እዚያ ማዶ ውሻ ተኝቷል፣ እርግቦቹ ዛሬ በዝተዋል እያለች መታጠፊያውን ሳትነግረኝ አሳለፈችኝና ሁለታችንም ሣሩ ላይ ተዘረርን። አሰልጣኛችን፣ መንገዱን ንገሪያት እንጂ የአየር ትንበያ አታንብቢላት ብሎ ጮኸባት። እኔን ደግሞ ዳኛዋ ነው የሚለኝ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መሮጫው መም ላይ ነን፤ ሁለት ሰዓት ሲል ፀጉሬ ሳይደርቅ ክፍል ውስጥ ነኝ። በአንድ ዙር አንድ የሕግ አንቀጽ በቃሌ እላለሁ። ሬዲዮም ሳትወድ ግማሽ ጠበቃ ሆናለች።

አሁን ወደ ቂሜ።

ባለፈው ማጣሪያ መሪ ሯጬ አንተ ነበርክ፤ እየመራን ነበር፤ ከኋላችን ኮቴ እንኳ አይሰማም። ሕጉን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። መሪው ከሚመራው ሰው ቀድሞ የመድረሻውን መስመር ከረገጠ ሁለቱም ይሰረዛሉ። አንተ ቀድመኸኝ ረገጥክ። ዳኞቹ ሰረዙን። ስሜት ወስዶኝ ነው፣ ተሳሳትኩ እያልክ አለቀስክ፤ እኔም አባበልኩህ። አዎ፣ እኔ አንተን።

ግን አራት ዓመት ሙሉ መጨረሻው ላይ ስትቆጥርልኝ ሃያ፣ አሥር፣ አምስት፣ ደረት ነበር የምትለው። ደረት ስትል እኔ ደረቴን ወደ ፊት እወረውራለሁ፣ አንተ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ትቀራለህ። በዝናብም ቢሆን፣ ጉንፋን ድምፅህን ዘግቶትም ቢሆን ያቺን ቃል ረስተህ አታውቅም። ያን ቀን አምስት አልክና ዝም አልክ። ገመዱም ተወጠረ።

እናታችን ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ ወንድምሽን አትቀየሚው፣ ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም አለችኝ። ሳምንት ሲቀረው ነው ያለችው ወንድምዓለም፤ ካለፈ በኋላ አላለችም።

ያሸነፈች የሩጫ ቡድኑ ካምፕ ትገባለች፣ ካምፕ የገባች ደብተሯን ትዘጋለች ይባል እንደነበር አውቃለሁ። አንተ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ለሩጫ ብለህ ትምህርትህን ጥለህ፣ ቡድኑ በሁለት ዓመቱ ሲያሰናብትህ ብየዳ ቤት መግባትህንም አልረሳሁም፤ እኔም እንዳንተ እንዳልቀር ፈርተህ ነው። ግን እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የእኔ አፍ ሥራ ነበር። እኔ ያጣሁት ዓይኔን ነው፤ አፌን መቼ አጣሁ?

የቡድኑን ኃላፊዎች ጠየቅኋቸው እኮ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲው መም ላይ እየተለማመድኩ ከቡድኑ ጋር መቆየት እንደምችል በጽሑፍ ሰጥተውኛል። አንድ ቀን ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ለእናታችን ስታነብላት ከመካከሉ ያለውን ዝለልላት፤ መዝለል ታውቅበታለህ።

ቅዳሜ ግን ና። የምሮጠው አንተ ከጫማ ማሰሪያ በገመድክልኝ በዚያው ገመድ ነው፤ ሌላኛው ጫፉ ግን አሁን በሬዲዮ እጅ ነው፣ አልቀበላትም። አንተ ከመድረሻው መስመር ትይዩ አጥሩን ተጠግተህ ቁም። ሃያ፣ አሥር፣ አምስት ስትል ትሰማታለህ። ከዚያ ዝም ትላለች። ያ አፍ ዝም እንዲል ለማድረግ ስንት ቀን እንደለመንኳት ብታውቅ! ያቺን የቀረችውን ቃል ለአንተ አስቀምጬልሃለሁ።

ብትላትም ባትላትም እኔ ደረቴን እወረውራለሁ።

እጅህን ከእሳት፣ እንቅልፍህን ከሐሳብ ይጠብቅልህ። እናታችንን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ።

ድምፅህን ከሺህ ሰው መካከል የምትለየው
እህትህ