«ኪቦርዱ ሞቶ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት አባቴ ስለተሰጠ መልስ

ለተከበሩ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጀማሪዎች የኢንተርኔት መጠየቂያ መድረክ ዋና ተቆጣጣሪ፦

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ትዕግሥትዎና ጥያቄ የምትዘጋው ጣትዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ ጣትዎ፣ ሥራ ስለሚበዛባት።

እኔ «ደቂቃ» በሚል ቅጽል ስም በመድረክዎ ስድስት ዓመት ሙሉ የጀማሪ ጥያቄ ስመልስ የኖርኩ፣ «ወንድማችን» ስትሉኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ የነበርኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት አባቴን ወደ እናንተ የላክኋቸውም ሰዎቼ ናችሁ ብዬ ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ድምፅ ስለሌላቸው፣ የሚጽፉትን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ኮምፒውተራቸው ነው፤ የልጅ ልጃቸውን የሚቆጡት እንኳ በእሱ ነው። የሚያነብላቸው ፕሮግራም ዝም ሲልባቸው እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ በስልካቸው እንዲህ ብለው ጻፉላችሁ፦ «ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ፕሮግራሙን ለማደስ የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግሁ። የይለፍ ቃል አስገባ ሲለኝ ግን ብጽፍ ብጽፍ አንድም ፊደል አይታይም። ኪቦርዱ ሞቶ ይሆን?»

አንደኛ፣ የይለፍ ቃል እንዳይታይ ተደርጎ መሠራቱን እርስዎም እኔም እናውቃለን። «አባባ፣ ባይታይም እየተጻፈ ነው፤ ጨርሰው ኢንተር ይጫኑ» ከማለት ይልቅ፣ «የተጻፈውን ሳያነብ የሚጠይቅ የሰው ጊዜ አይብላ» የሚለውን፣ ለጀማሪ ሁሉ የምትለጥፉትን ያን ዝግጁ መልስ ስለለጠፉላቸው ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ሠላሳ አንድ ሰው የሳቅ ምልክት እስኪያኖርበት ታግሠው ጥያቄውን «ተመልሷል» ብለው መዝጋትዎ፣ እሰይ የሚያሰኝ ነው! አባቴ በአርባ ዓመት ሥራቸው ያልተሞላ ሰዓት ይዞ «ተበላሸብኝ» የሚል ስንቱን አስተናግደዋል፤ ሞልተው፣ መስታወቱን ወልውለው፣ «ደህና ሰዓት ነው» ብለው ይሰጡት ነበር እንጂ ጎረቤት ጠርተው አልሳቁበትም። ምናልባት መድረክ ስላልነበራቸው ይሆናል።

ሦስተኛው ቅሬታም አይደለም፤ ከፍቶኛል። ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩን በፎጣ ሸፍነውት አገኘሁ። ወዲያው አስተካከልኩት፤ እሳቸው ግን አይነኩትም። ለምን ብላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ይኸው አምስት ቀን፣ በቤታችን የአባቴ ድምፅ የለም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

የጀማሪዎችን ቁጥር ለመቀነስ ለሚያሳዩት ትጋት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣

ትናንት ወንድማችሁ፣ ዛሬ የሰዓት ጠጋኙ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ያንን ዝግጁ መልስ እባክዎ ያንሱልኝ። ገና ወደ መድረኩ እንደገባሁ፣ ላስቃችሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥሩም ላይ «ደቂቃ» የሚል ስም አለ። ይህን ቅጽል ስም ያወጡልኝ አባቴ ናቸው።