ቤቱና አንዲት ፊደል

ጥቅምት 3
ዶሮዎቹን አበላሁ። የጓዳው በር ዛሬም አልዘጋ አለ። ወንድሜ ደወለ፤ ያው ስለ ቤቱ። «እትዬ፣ እዚያ መቶ ዓመት ያለፈው የድንጋይ ቤት ውስጥ ብቻሽን ወድቀሽ ብትቀሪስ? ሽጪውና እኔ ጋ ነይ።» እሱ ጋ ማለት አራተኛ ፎቅ። ለኔው ብሎ ነው፣ ደግ ልጅ ነው። እሺ አልኩት... ምን አስባለኝ?

ጥቅምት 6
ታፔላ ጸሐፊው መጣ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው። በቀይ ቀለም፣ ቁልጭ አድርጎ ጻፈ፦ «ይህ ታሪካዊ የድንጋይ ቤት ይሸታል»። በ«ጣ» ፈንታ «ታ»! ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደል አስተምሬ!
«እንዴት ነው ቲቸር?»
ላርመው አፌን ከፈትኩ። «ጎበዝ» አልኩት። በሩ ላይ ሰቅሎት ሄደ።

ጥቅምት 9
ደላላው ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ሚስትየዋ ቅድመ አያቴ የጠረበውን ደፍ እየዳሰሰች አደነቀች። ባልየው ግን ግድግዳ ግድግዳውን እያሸተተ ከክፍል ክፍል ዞረ።
«ከየት ነው የሚመጣው?»
«ምኑ?» አለ ደላላው።
«ሽታው ነዋ! ራሳቸው ጽፈውት የለ?»
«ሐቀኛ ሴት ናቸው» አለች ሚስትየዋ። ሄዱ። አፈርኩ። ግን ደስታዬ ይብሳል።

ጥቅምት 10
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አፍንጫስ? ግድግዳውን በሙሉ በሳሙና አጠብኩ። ለማንኛውም...

ጥቅምት 13
ጎረቤቴ ልታጽናናኝ መጣች። «አይዞሽ፣ ያን ያህል እኮ አይሸትም።» ያን ያህል?!

ጥቅምት 17
ወንድሜ ሳይነግረኝ ከች አለ። ታፔላውን አነበበና በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።
«እትዬ፣ የሰርግ መጥሪያ አርመሽ ለሙሽራው አባት የመለስሽ ሴት... ይቺን አላየኋትም እንዳትይኝ።»
«አይቻታለሁ።»
«ታዲያ?»
መሬት መሬቱን አየሁ።
«መሸጥ አትፈልጊም?»
«አልፈልግም።» እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ለኔ ብለህ ስትጨነቅ እንዴት እምቢ ልበልህ?»
«እኔ እኮ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ! እሺ ስትይኝ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። የተወለድኩበት ቤት አይደለም እንዴ?»
ይሉኝታ ሁለታችንንም ቤት አልባ ሊያደርገን ነበር። እየሳቅን አለቀስን። በየወሩ እየመጣ ሊያየኝ ተስማማን።

ጥቅምት 18
ደላላው ደወለ። ሽታ ምንም የማይመስለው ገዢ አገኘሁ አለ።
«አይሸጥም» አልኩት።
«አይሸትም? ታዲያ ጥሩ ነዋ፣ አሁኑኑ ይዤው ልምጣ!»
«አይ-ሸ-ጥም! ቤቴ ነው፣ አልሸጠውም!» ብዬ ጮህኩ። መንደሩ በሙሉ ሳይሰማኝ አልቀረም።