ስለ አርባ ሰከንድ ድራም ለቴሌቪዥን ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ አንድ ጊዜ ስለተገኘ ቴፕ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ምክትልዎ፣ የምክትልዎ ጸሐፊ፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ላይ የተገጠመው አየር ማቀዝቀዣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔም ከሦስት ሳምንት በፊት በጣቢያችሁ ሞቻለሁ መባሌን ካልቆጠርነው በስተቀር ደህና ነኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። እርስዎ በዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጥዎ ብዙ ዓመት በፊት፣ ጣቢያው አንድ ስቱዲዮና ሁለት ካሜራ ብቻ በነበረው ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ በቀጥታ ይተላለፍ በነበረው የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ትራምፔት እነፋ ነበር። ባንዱ አምስት ሰዎች ነበሩት፤ ዛሬ የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና ድራም መቺው። እሱን የሚያውቀው ሁሉ «ሞተር» እያለ ነው የሚጠራው፤ አንዴ ከተነሳ ማቆሚያ ስላልነበረው። አሁን ግን ቆሟል። ሴት ልጁ ቤት፣ ከጓዳው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ከሆነ አምስት ወሩ ነው። ሐኪሙም ቤተሰቡን ሰብስቦ ከእንግዲህ የሚወደውን ነገር አትከልክሉት ብሏቸዋል፤ እንዲህ ያለው የሐኪም ንግግር ትርጉሙ ምን እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ምን እንደሚወድ ስንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነገረን፤ የነገረን ነገር የሚገኘውም በእርስዎ ጣቢያ ውስጥ ነው።

ከልመናዬ በፊት ግን ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፦ የቅዳሜን ምሽት ከሙዚቃ ጣጣ ስለገላገሉን እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ። በእኛ ጊዜ ተመልካቹ ምን እንደሚገጥመው ስለማያውቅ ልቡ ተንጠልጥሎ ያመሽ ነበር፤ ዘፋኟ ግጥም ትረሳለች፣ የጊታር ክር ይበጠሳል፣ የማራገቢያው ድምፅ ማይክ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ ስለሚጠፋ ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን እንታያለን። እሁድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ከመጠቅለሉ በፊት የትኛው ዘፈን ላይ ትንፋሽ እንዳጠረኝ ይነግረኝ ነበር፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ዛሬ እንዲህ ያለ ስጋት የለብንም። በዚያው ሰዓት ጠዋት ያየነው የምግብ አሠራር ይደገምልናል፤ ሙዚቃ ከመጣም ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ድምፃዊት የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ እያወጣች ሳለ ውሃ ስትጠጣ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። እኛ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጫውተን እንዲህ ያለ ችሎታ ላይ ሳንደርስ ነው ጡረታ የወጣነው።

ሁለተኛ፦ ስለ መልሶቻችሁ። የምንፈልገው የአንድ ምሽት ቅጂ ነው፤ የትኛው ምሽት እንደሆነ ለመናገር ግን ስለ ምንጣፍ ማውራት ግድ ይለኛል። የያኔው ስቱዲዮ ወለል ልሙጥ ስለነበር ድራሙ እየተንሸራተተ ያስቸግር ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ማለትም ዛሬ እርስዎ ከሚቀመጡበት ክፍል፣ ምንጣፉን ጠቅልለን አምጥተን ከድራሙ ሥር እናነጥፋለን፤ እሁድ ማለዳ ደግሞ አራግፈን እንመልሳለን። በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው አሠራር ነበር። አንድ ቅዳሜ ያኔ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ቁልፉን ኪሳቸው ይዘው ሠርግ ሄዱ። ድራሙ ባዶ ወለል ላይ ተተከለ። በሁለተኛው ዘፈን መካከል የሞተር እጅ ላቡ አዳለጠውና አንደኛዋ መምቻ ዱላ ወድቃ ወለሉ ላይ ነጥራ፣ ተንከባልላ፣ ካሜራው እግር ሥር ገባች። ምንጣፍ ስላልነበረ ጣቢያውን የሚያይ ሰው ሁሉ ድምፁን ሰማ። ዘፋኟ ደንግጣ ሦስተኛው ግጥም ከአፏ ጠፋ። እኔ ተራዬ ሳይደርስ ዘልዬ ገባሁና ቦታዋን ሸፈንኩላት፤ ሞተር ደግሞ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላኛው ባዶ መዳፉን እያሳረፈ፣ አርባ ሰከንድ ያህል እስካሁን ከማንም ሰምቼው የማላውቀውን ነገር መታ። መዳፉ ሳምንት ሙሉ አብጦ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው እየደወለ ያንን በመዳፍ የተመታውን ድገሙልን ቢለንም ሞክረነው አልመጣም። የመጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

የዚህን ምሽት ቅጂ ለማግኘት ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ ጣቢያውም ሦስት ጊዜ ማኅተም ያረፈበት መልስ ሰጥቶኛል። በመጀመሪያው መልስ የተጠቀሰው ቴፕ ከነጭራሹ ተቀርጾ አያውቅም። በሁለተኛው መልስ ተቀርጿል፣ ነገር ግን እርጥበት በልቶታል። በሦስተኛው መልስ እርጥበት አልነካውም፤ ሌላ ዝግጅት እንደተቀዳበትና የቀድሞው እንደጠፋ ተረጋግጧል። አንድ ቴፕ ሳይወለድ ቀርቶ፣ ታሞ፣ በመጨረሻም በሰው እጅ መጥፋቱን በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደረጃ በደረጃ ስላሳወቃችሁኝ ልቤ በአክብሮት ተሞልቷል።

ሦስተኛ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ስላቀረባችሁት የጣቢያው ምሥረታ በዓል ዝግጅት። አቅራቢያችሁ፣ ጥርስ የማያስከድነው ያ ወጣት፣ ለአንድ አፍታ ፊቱን አጨፍግጎ የአምስታችንንም ፎቶ እያሳየ ዛሬ በመካከላችን የሌሉ ባለውለታዎች ብሎ ነፍሳችንን ይማር አለ። እህቴ እያለቀሰች ባለቤቴን ልታጽናና ደወለች፤ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ስለነበርኩ ጮኻ ዘጋችው። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩም ለቀብሬ ብሎ ሱቁን ዘግቶ ስለነበር በማግስቱ በር ላይ ቆሜ ሲያገኘኝ ትንሽ ቅር አለው። ይህ ሁሉ ይሁን፤ አልቀየምኩም፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ስንት ሰው እንደሚያለቅስለት ቀድሞ ማወቁም ጥሩ ነው።

ከዚያ አምስት መልከ መልካም ወጣቶች የእኛን ዘመን ልብስ ለብሰው ወጡና ሙዚቃው ተለቀቀ። ትራምፔት የያዘው ልጅ አንድም ቁልፍ ሳይጫን ያን ሁሉ ዜማ ሲያወጣ አፌን በእጄ ያዝኩ። ትንፋሹ ግን የእኔ ነበር፤ የገዛ ትንፋሹን የማያውቅ ነፊ የለም። ከዚያም ክቡር ሆይ፣ ዱላ ወደቀች። በማያሻማ ሁኔታ ወድቃ፣ ነጥራ፣ ስትንከባለል ተሰማች። በስክሪኑ ላይ ያለው ድራም መቺ ሁለቱንም ዱላዎች በእጁ እንደያዘ ፈገግ ብሎ ነበር።

ያልተቀረጸው፣ እርጥበት የበላው፣ ሌላ የተቀዳበት ቴፕ በመላ አገሪቱ እየተላለፈ ነበር ማለት ነው።

በዚያች ሰዓት በሞተር ክፍል ውስጥ የሆነውን ልጁ ነግራኛለች። ዝግጅቱን እንዲያይ ብለው ቴሌቪዥኑን ከሳሎን ወደ አልጋው አጠገብ አዛውረውለት፣ የልጅ ልጆቹ እግርጌው ተቀምጠው ነበር። እነዚህ ልጆች የመዳፉን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምተው መቶ ጊዜ አያታችን ጉራ ወዳጅ ነው ብለው የሳቁ ናቸው። ሙዚቃው ሲጀምር ሞተር ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ዝም በሉ፣ አሁን ትወድቃለች አላቸው። ወደቀች። ልጆቹ ዞረው አዩት። እሱም አምስት ወር ያልተነሣውን መዳፉን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ከፍ አደረገና አሁን ስሙ አላቸው። በዚህ ጊዜ ጣቢያችሁ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ አስገባ። ማስታወቂያው አልቆ ሲመለስ ዘፈኑም አልቆ ተመልካቹ ያጨበጭብ ነበር። ትንሿ የልጅ ልጁ ከልቧ «አያቴ፣ የአንተ ሳሙናው ላይ ያለው ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። ሞተር እጁን ወደ ብርድ ልብሱ መለሰ።

ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ለዚህ የሚሆን የጨዋ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ተናደድኩ ብዬ አልፋለሁ።

አራተኛ የሚል ቁጥር ሰጥቼ የጻፍኩት ነገር ነበረኝ፤ ባለቤቴ አንብባው ይህ ምስጋና ሳይሆን ስድብ ነው ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ።

በማግስቱ ወደ ክምችት ክፍላችሁ መጣሁ። የክፍሉ ኃላፊ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ችግሬን አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙኝ፣ መዝገቡንም ገልጠው አሳዩኝ። ቴፑ በመዝገቡ ላይ ጠፍቷል ተብሎ ተፈርሞበታል። በመዝገብ የጠፋን ንብረት ቀድቶ መስጠት ደግሞ ያስጠይቃቸዋል። ታዲያ ትናንት ማታ እንዴት ተላለፈ ብዬ ብጠይቃቸው ለማስተላለፍ መዝገብ እንደማያስፈልግ፣ ለመቅዳት ግን እንደሚያስፈልግ በትዕግሥት አስረዱኝ። ስናወራ ካሴቱ ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በጎኑ የተጻፈው ቀንም የእኛ ቀን ነው። እኔ አየሁት፤ እሳቸውም ማየቴን አዩ። ሁለታችንም የሌለ ነገር ስላየን ተሰነባብተን ተለያየን።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ስለ ሞቴ ማስተባበያ አልጠይቅም። ትንፋሼን ለተዋሰው መልከ መልካም ልጅም ምርቃቴ ይድረሰው፤ እኔ ጥርሴ ከተነቀለ ወዲህ አልሠራበትም። የቅዳሜው ዝግጅት ይመለስ ብዬም አላስቸግርዎትም፤ ምንም እንኳ እንደሚናፍቀኝ፣ ያ ከበሩ በላይ የነበረው ቀይ መብራት ሲበራ አምስታችን ተያይተን የምንውጣት ምራቅ እስከ ዛሬ እንደምትናፍቀኝ ባልክድም። የምለምነው ዱላዋ ከወደቀችበት ጀምሮ ያለውን አርባ ሰከንድ ብቻ ነው። ምስሉን ማስቀረት ትችላላችሁ፤ ድምፁ ይበቃናል። በምን እንደሚቀዳ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ቤታቸው ድረስ የማደርሰውም እኔ ነኝ፤ ልጆቹን እግርጌው ሰብስቤ፣ ማንም ሳሙና እንዳያመጣ በሩ ላይ እቆማለሁ።

ጊዜዎን በከንቱ ስላባከንኩ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ጣቢያው በመዝገቡ ላይ ያሉትንም የሌሉትንም ሀብቶቹን ጠብቆ ለብዙ ዘመን እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ።

በጣቢያችሁ ዘገባ ሟች፣ በቀበሌው መዝገብ ነዋሪ፣ ለእርስዎ ግን ምንጊዜም ታዛዥ የሆንኩት፣
የቀድሞው ትራምፔት ነፊ

ግልባጭ፦
ለክምችት ክፍል ኃላፊ (ከአክብሮት ጋር)
ለበዓሉ ዝግጅት አቅራቢ (ለነፍሴ ስላሰቡ)
ለሳሙናው ፋብሪካ (ለመረጃ ያህል)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ደንቡ እንዳይጓደል ብዬ ትናንት ጠዋት ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብቼዋለሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ማኅተም አሳርፋ፣ ቅዳሜና እሁድን ሳይጨምር በአርባ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንደሚሰጠኝ በትሕትና ነገረችኝ። ከበራችሁ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሞተር ሐኪም ሄድኩ። እሱ ለቤተሰቡ የሰጠው ጊዜ ከእንግዲህ ሦስት ሳምንት ስለሆነ ከእናንተ የሥራ ቀናት ጋር እንዲስማማ ሊያራዝምልን ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። ቢችል ደስ እንደሚለው፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን እንዳልተሰጠው ነግሮኛል። የእርስዎን ሥልጣን ልክ ስለማላውቅ ነው ይህን ማሳሰቢያ የጨመርኩልዎት።