ቡላን ያስጾምኩት እኔ ነኝ

ቲጂዬ፣ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ነሽ ልል ብዬ ተውኩት፤ እዚያ ያለን ሰው እንዴት እንደሚጠይቁት አላውቅም። ያ ትኩሳት በአራት ቀን ውስጥ አንቺን ከነጠቀኝ ሰባት ወር ሆነ። እኔ አጎትሽ ያው ጁባ፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር ነኝ። ያው ጀነሬተር እፈታለሁ፣ መልሼ ስገጥመው ሁለት ብሎን ይተርፈኛል፣ ደንበኛ ሳያይ ኪሴ እከታቸዋለሁ። ክፍልሽን አላከራየሁትም። በሩም ክፍት ነው፤ ሲዘጋ ውሻሽ ቡላ ይቧጥጠዋል።

የጻፍኩልሽም ስለ ቡላ ነው። ምንም አልደብቅሽም።

ቶንፒንግ ሰፈር ባለው ቢሮሽ አብሮሽ ይሠራ የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶልሽ፣ ይዘሽው የመጣሽ ቀን ስቄብሽ ነበር። ጎልደን ሪትሪቨር ነው፣ አዳኝ የጣለውን ወፍ ሳይነክስ ከውሃ አውጥቶ የሚያመጣ ዘር ነው አልሽኝ። ጁባ ውስጥ የሚያስፈልገን ሌባ የሚይዝ ነው አልኩሽ። አልተሳሳትኩም፤ ይህ ውሻ ሌባ ቢመጣ ጫማዬን በአፉ ይዞ ነው የሚቀበለው። ወንዝ ዳር ስትወስጂው ዘሎ ይገባና የፕላስቲክ ጠርሙስ እያወጣ እግርሽ ሥር ይደረድር ነበር። እኔ ማዘጋጃ ቤት ይቅጠረው እያልኩ ስቀልድ፣ አንቺ ተንበርክከሽ ጆሮውን በጥጥ ታደርቂለታለሽ። ጆሮው የተንጠለጠለና ውሃ የሚወድ ውሻ ካልደረቀለት ይታመማል ብለሽ አስተማርሽኝ። አሁን እኔ አደርቅለታለሁ። ፀጉሩንም አበጥራለሁ፤ ያም ሆኖ ሻዬ ውስጥ አገኘዋለሁ።

ሆስፒታል ተኝተሽ በመጨረሻ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ «አጎቴ፣ ብቻውን አታውለው።» እሺ አልኩሽ። አፌ ቀልድ ስለለመደ አልጋዬንም እለቅለታለሁ ብዬ ጨመርኩበት። ሳቅሽ። በማግሥቱ አልነበርሽም።

ቃሌን አልጠበቅሁም፣ ቲጂዬ። መጀመሪያ ወርክሾፕ ይዤው ሄድኩ። ጩኸቱና ጭሱ አስደነገጠው፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ከዚያ በኋላ ግቢውን ዘግቼበት እወጣ ጀመር።

ሁዳዴ ገባ። ለእሱ ብቻ ሥጋ መቀቀል ሰነፍኩና ከምበላው ሽሮ በእንጀራ እየፈተፈትኩ ሰጠሁት፤ አንድ ሰሐን ለእኔ፣ አንድ ሰሐን ለእሱ። ሽሮዬን ታውቂዋለሽ፣ ግማሹ ሽንኩርት ነው። እሱም የሰጡትን ሁሉ የሚበላ ነውና ሰሐኑን እስኪያብረቀርቅ ይልሰዋል። አብሮኝ የሚጾም አገኘሁ እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መነሳት አቃተው። ክፍልሽ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ዝም ብሎ ያየኛል። ሐዘን መሰለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ «እኔም እንዳንተው ነኝ» አልኩት። ሦስት ቀን እንዲያ ሆነን ሰነበትን፤ እሱ እየሞተ፣ እኔ እያጽናናሁት።

በአራተኛው ቀን ድዱ ነጥቶ ወረቀት መስሎ፣ ሽንቱም ጠቁሮ አየሁ። አቅፌ ባጃጅ ላይ ጫንኩትና ጁባ ና ባሪ ሰፈር ያለው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ምን እንደሚበላ ጠየቀኝ። ጾም ላይ ነን አልኩት። «ውሻውም ኦርቶዶክስ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሽንኩርቱን ስነግረው ሳቁን አቆመ። ለካ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። አንቺ ታውቂ ነበር፤ ምግቡን ለብቻ የምታበስይው ለዚያ ነበር፤ እኔ ግን ቅብጠት ነው እያልኩ አፌዝብሽ ነበር።

ስንመላለስ ከርመን ዳነ። ሐኪሙ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ብሎ ትከሻዬን መታ መታ ካደረገኝ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። ይህ ዘር ሰው አጠገቡ ካልዋለ፣ የሚበላው ቢስተካከልም ደስታ የለውም አለኝ።

በዚያው ሰሞን ቢሮ አብራሽ የነበረችው ሳባ ልትጠይቀኝ መጣች። ሥራዋ ወደ ካምፓላ ተዛውሯል። የምትሠራው ከቤት ነው፤ ግቢዋ ሣር አለው፣ ሁለት ልጆችም አሏት። «ጋሼ፣ እኔ ልውሰደው?» አለችኝ። ቡላ ይህን ያወቀ ይመስል የሥራ ጓንቴን በአፉ ይዞ ሄዶ ጭኗ ላይ አኖረላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። ሁለት ቀን መልስ ሳልሰጣት ቆየሁ፣ ከዚያ እሺ አልኳት። ክትባቱን ተወግቷል፣ የጉዞ ወረቀቱም ተጠናቋል። ዓርብ ጠዋት ይሄዳሉ።

ብቻውን አታውለው ነው ያልሽኝ እንጂ ለሰው አትስጠው አላልሽኝም። ይህንን ለራሴ እየደጋገምኩ እነግረዋለሁ። ብትቆጪኝም አልፈርድብሽም። ላቆየው የፈለግኩት ለእሱ ብዬ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ ከሥራ ስመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ ሌላ ማንም ስለሌለ ነው።

ቲጂ ባልኩ ቁጥር ቡላ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ከዓርብ በኋላ እዚህ ቤት ስምሽን ሰምቶ ቀና የሚል አይኖርም። ቢሆንም እጠራሻለሁ። በየቀኑ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጎረቤት ሰውዬው ለየለት እስኪል ድረስ እጠራሻለሁ።

አጎትሽ ደምሴ