እያወቁ ማለም

ኅዳር 3 ቀን 1959፣ ሰቆጣ
ሦስተኛ ክፍልን ፈተንኩ። ማካፈል አልገባቸውም፤ እኔም ማስረዳት ሰልችቶኛል። ፖስታ ከኮረም መጣ... ለእኔ የለም። እማ ደብዳቤ ካስጻፈችልኝ ሁለት ወር አለፈ። ደባርቅ ሩቅ ነው፤ ፈቃድ እስከ ክረምት የለም። በሕልሜ ደጃችን እደርሳለሁ፤ ልገባ ስል እነቃለሁ።

ኅዳር 5
ለጎረቤቴ ለመሪጌታ አሥራተ ማርያም ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። "ሕልም መሆኑን ስለማታውቅ ነው የምትባንነው።" ተማሪ ሳሉ በእንቅልፋቸው ዜማ ይቀጽሉ፣ የቀኑን ትምህርት ይደግሙ ነበር አሉ። ዘዴው፦ ቀን ቀን መዳፍን እያዩ "ነቅቻለሁ ወይስ ተኝቻለሁ?" ማለት። የለመደ በሕልሙም ይጠይቃል። "ብቻ እዚያ ያገኘኸውን ሰው፣ ይህ ሕልም ነው እንዳትለው።" ለምን? አልነገሩኝም።

ኅዳር 19
መዳፌን ሳይ ተማሪዎቹ ያዙኝ። "መምህር ይኮርጃሉ!"

ኅዳር 24
ሆነልኝ! ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ... ደጃችን ቆሜ መዳፌን አየሁ። ስድስት ጣት። ሕልም ነው አልኩ፤ አልነቃሁም። ገባሁ። እማ ጀርባዋን ሰጥታ ጥጥ ትፈትላለች። ጠራኋት፤ አልዞረችም። ደስ ብሎኝ ሳለ ለምን ፈራሁ?

ታኅሣሥ 8
ዛሬም ገባሁ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ድምፅ የለም። እማ ያው ትፈትላለች። አላስቻለኝም።
"እማ፣ ይሄ እኮ ሕልም ነው።"
ሳትዞር፦ "እኔስ አውቃለሁ ሙላዬ። ያላወቅኸው አንተ ነህ።"
ባነንኩ። ምን ማለቷ ነው?

ታኅሣሥ 11
አከራዬ ወይዘሮ ወለተ ሐና እኔ ስገባ ወሬያቸውን ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ለወጡ። አልሰማሁም፤ ስሜን ብቻ ለየሁ። አብሮኝ የሚያስተምረውን ምትኩን "ከቤቴ የሰማኸው አለ?" አልኩት። "ምን እሰማለሁ... ሁሉ ደህና" አለ። ዓይኔን ግን አላየም።

ጥር 14
ሳይነጋ መጡ። መሪጌታ፣ ምትኩ፣ ሽማግሌዎች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚህ ሰዓት የሚመጣው መርዶ እንደሆነ ማን ያጣዋል? እማ ኅዳር 13 ቀን ነው የሞተችው። "ገናና ጥምቀት ይለፉለት ብለን ነው" አሉኝ። አርባዋ እንኳ ወጥቷል። አላለቀስኩም። አንጀተ ደንዳና ብለውኝ ይሆናል... ይበሉኝ።

የካቲት 2
የምትኩ ሚስት ይታየሽ ልታጽናናኝ መጣች። "እኔ አባባን በሕልሜ አገኘዋለሁ። መሞቱን ረስቼ አብረን ስንስቅ እናድራለን። አንተም ታገኛታለህ።"
መሪጌታን "ይህን እያወቁ ማለም እንዴት እረሳዋለሁ?" አልኳቸው። "ማስረሳቱን አልተማርኩም፣ ልጄ።"

የካቲት 4
እማን አገኘኋት። ዛሬ ዞረችልኝ። ፊቷ ምንም አልሆነም። አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ። ሌላው ሰው እዚያ እንኳ ይረሳል። እኔ መሞቷን እያወቅሁ ሳምኳት።