የአቶ ይሻው አስናቀ የሕይወት ታሪክ፣ ከነቀሉት የመንገድ ችካል ጋር

አቶ ይሻው አስናቀ ከአባታቸው ከአቶ አስናቀ ወርቁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ አዳነ፣ በኅዳር ወር 1951 ዓ.ም. በጉና ተራራ ትከሻ ላይ ባለችው በአስታ አፋፍ መንደር ተወለዱ። ለቀብር የመጣችሁ ሁሉ ከአስፋልቱ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ተኩል በእግራችሁ ስለወጣችሁ፣ የተወለዱበትን ቦታ ማብራራት አያስፈልግም፤ ጉልበታችሁ ይመሰክራል።

ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ትዝታ ናት። አባቷ ከማረፋቸው በፊት፣ “ደጉን ብቻ ለቅመሽ እንዳታነቢብኝ። የችካሉን ነገር በሕዝብ ፊት ተናገሪ፤ ሞላም ይስማ” ብለው አደራ ስላሏት እንዳሉት አድርጋለች።

በልጅነታቸው በቅዱስ ሚካኤል ደጅ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ጀምረው ነበር። ሳይጨርሱት አባታቸው ስለሞቱ እርፍ ጨበጡ። በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ጽሕፈት ተምረው የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆኑ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ትርንጎ አያሌው ጋር በሥርዓተ ጋብቻ ተጣምረው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ሲቆጡም ሲታረቁም ቶሎ ነበሩ። ድንቻቸውን ያመሰገነ እንግዳ ጥቂት ሳይሸከም ከቤታቸው አይወጣም፤ ይህን ያወቁ አንዳንድ ጎረቤቶች ሳይቀምሱትም ያመሰግኑት ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ የቀድሞው ገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ ተብለው ከሰባት ጥማድ ማሳቸው ሦስቱ ተቆርጦ ተወሰደባቸው። የተቆረጠው መሬት ድንበር የተለየው በችካል ነበር።

በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ከአስፋልቱ እስከ አስታ አፋፍ የጠጠር መንገድ ሊሠራ ቀያሾች መጡ። ነገሩ ለነዋሪው በስብሰባ ተነግሯል፤ አቶ ይሻው ግን የዚያን ዕለት ጋሳይ ገበያ ነበሩ። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ማሳቸው ሲወርዱ፣ ሊታጨድ በደረሰው ገብስ መካከል ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተሰልፈው አዩ። ሽግሽጉ ዳግመኛ መጣ ብለው አሰቡ። ማንንም አልጠየቁም። ከራሳቸው ማሳና ከጎረቤታቸው ከአቶ ሞላ ማሳ ዐሥራ አንድ ችካል ነቅለው፣ በስልቻ ይዘው ገብተው ምድጃ ውስጥ ጨመሯቸው።

ቀያሾቹ በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ችካሉ የለም። አለቃቸው፣ “እናንተ መንገድ ካልፈለጋችሁ የሚፈልግ ሞልቷል” ብለው ሥራውን ወደ ማዶው ቀበሌ አዞሩት። አቶ ይሻው የነቀሉት የመንገድ ችካል መሆኑን የሰሙት የዚያን ዕለት ነው። ምነው የዚያኑ ዕለት በተናገሩ! ቀያሾቹ ገና ድንኳናቸውን አላነሱም ነበር። ነገር ግን እስራት ፈሩ፤ ከእስራቱም ይልቅ የጎረቤቶቻቸውን ፊት ፈሩ።

በስብሰባው ላይ “መንገዱ ማሳዬን ሊበላው ነው” ብለው ያጉረመረሙት አቶ ሞላ ስለነበሩ ጥርጣሬው በእሳቸው ላይ ወደቀ። ፊት ለፊት የከሰሳቸው የለም፤ ወንፈል ግን ነሷቸው፤ አጨዳውን ለብቻቸው አጨዱ። የሚካኤል ጽዋ ተራቸው ደርሶ፣ ጠላ ጠምቀው ዳቦ ጋግረው ማኅበርተኛውን ሲጠብቁ፣ ከቄሱ በቀር የመጣ አልነበረም። አቶ ይሻውም “ራሴን አሞኛል” ብለው ቤታቸው ዋሉ። በሁለተኛው ዓመት አቶ ሞላ ቤታቸውን ዘግተው ከነቤተሰባቸው ወደ እብናት ወረዱ።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ወይዘሮ ትርንጎን ድንገተኛ የሆድ ሕመም ያዛቸው። ዐሥራ ስድስት ሰው በቃሬዛ እየተቀባበለ ሲያወርዳቸው፣ አስፋልቱ ሳይደርሱ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ዐረፉ። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዘው የነበሩት አቶ ይሻው ናቸው። እዚያው ወንዙ ዳር ሰዉ፣ “ችካሉን የነቀለብንን እግዜር ይይለት!” እያለ ሲራገም፣ እሳቸውም ከሰው ጋር አሜን አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስቀል በዋለ ማግሥት ዶማቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ሲቆፍሩ፣ ድንጋይ ሲፈነቅሉ ይከርሙ ጀመር። ሰዉ ለሚስታቸው ነፍስ የሚደክሙ መስሎት “የመንገዱ አባት” እያለ ይመርቃቸው ነበር። ምርቃቱን አንገታቸውን ደፍተው ይቀበላሉ። ትዝታ አሁን ስታስበው አባቷን ያስረጀው ያ ምርቃት ይመስላታል። ዘጠኝ ዓመት የለፉበት መንገድ በቅሎ እንጂ መኪና አላወጣም።

ቀያሾቹ በመጡ ጊዜ አስታ አፋፍ መቶ ሠላሳ አባወራ ነበራት፤ ዛሬ አርባ አንድ ቀርቷታል። ትምህርት ቤቱ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ አምስተኛ የደረሰ ልጅ ይወርዳል፣ የወረደም አይመለስም። ትዝታም የወረደችው እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ደብረ ታቦር ታስተምራለች። በማዶው ቀበሌ አይሱዙ ይገባል፣ ወፍጮ ተተክሏል፣ የጤና ጣቢያውም በር ክፍት ነው። አቶ ይሻው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የአይሱዙውን ጥሩምባ ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ቤት ይገቡ ነበር።

ባለፈው ጥር የልብ ድካም ጸንቶባቸው እግራቸው አበጠ። ትዝታ መጥታ በቃሬዛ እናውርድዎት ብትላቸው፣ “ቃሬዛ የሚይዝ ጎበዝ ስድስት ነው የቀረ። ደክሞት ሲተኛ ወላድ ብትያዝ ማን ያወርዳታል? ለሷ ይቆይ” ብለው እምቢ አሉ። የችካሉንም ነገር የነገሯት ያን ጊዜ ነው። ከዚያም፣ “ሞላን ጥሪልኝ፤ ዓይኑን እያየሁ ልንገረው” አሏት።

ትዝታ እብናት ወርዳ አቶ ሞላን በእህል መደብራቸው አገኘቻቸው። ነገሩን በሙሉ ሰምተው ሲያበቁ፣ “አውቃለሁ ልጄ” አሏት። “ያን ማለዳ አጥሬን ሳጥር ሲነቅል አይቼዋለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ፤ እሱ ቢታሰር ማን ያሳድጋችኋል ብዬ ዝም አልሁ። ራሱ መጥቶ ይነግረኛል ብዬም ነበር። ይኸው ዐሥራ አምስት ዓመት ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ስል በር በሩን አየሁ።” ወዲያው መደብራቸውን ዘግተው ተከተሏት።

አቶ ይሻው አስናቀ ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አቶ ሞላ ዳገቱን ወጥተው የደረሱት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። “ምናለ ግማሽ ቀን ብትጠብቀኝ” ብለው አልጋው አጠገብ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። አስከሬኑንም የገነዙት እሳቸው ናቸው።

አቶ ይሻው ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ከእነዚህ መካከል አስታ አፋፍ የሚኖር አንድም የለም።

የአስታ አፋፍ ሰዎች ሆይ፣ መንገዳችሁን ያስቀሩባችሁ አቶ ሞላ አይደሉም፤ አባታችን ናቸው። ለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ይቅርታ ይጠይቃችኋል። አሁን ካህናቱ ሊፈቱ፣ እኛም እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር ልንል ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ አያ ሞላ፣ አንቱ ይፍቱልን።