አያንቱን ለምን እንደ ሰጠሁ ልንገርህ

ደገፋዬ፣

ይድረስ ለእንትና ብዬ አልጀምርም፤ አንተ ያለህበትን አገር ፖስታ ቤት አያውቀውም። ከተለየኸኝ ዘንድሮ ሰባተኛው ክረምት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ቃል ሳልልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። ፈርቼህ ነው። አዎ፣ እኔ ሚጥሚጣዋ፣ ወንድሞችህን በአንድ ቃል ዝም የማሰኘው ሴትዮ፣ አንተን ከሞትክ በኋላ ፈራሁህ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። ላፍቶ አንተ የምታውቀው ላፍቶ አይደለም። መንገዱ ጠጠር ለብሷል። ከወንዙ በላይ ጤፍ ትዘሩበት በነበረው መሬት ፋብሪካ ተተክሎበታል፤ ታናሽ ወንድምህ ገመቹ እዚያው ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ የገዛ ማሳውን በዱላ ይጠብቃል። ስቄበታለሁ፤ እሱም ስቋል፣ ምን ያድርግ። የአቦ ቤተ ክርስቲያን ክዳን ቆርቆሮ ሆነ፤ ዝናብ ሲመታው ቅዳሴው አይሰማም እያሉ ሽማግሌዎቹ ያጉረመርማሉ። ቀዩ በሬ ሞተ። እኔ ደግሞ ፊደል ቆጠርኩ! አትሳቅ። በዚህ ዕድሜዬ ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ ስል መንደሩ በሙሉ ሲሳሳቅብኝ ከርሟል። ይኸው ፊደሉ እየተጣመመብኝም ቢሆን እጽፍልሃለሁ።

እዚህ ድረስ የአያንቱን ስም አለማንሳቴን ሳትታዘበኝ አልቀረህም። አንተ ብትሆን ደጁን ሳታልፍ የምትጠይቀው እሷን ነበር።

እህትህ ጫልቱ በወሊድ ስታርፍ፣ ባሏ ቀድሟት ሞቶ ስለነበር ሕፃኗ ያለ ማንም ቀረች። አንተ በጋቢህ ጠቅልለህ ከሀና ማርያም ማዶ በእግርህ አምጥተህ እቅፌ ውስጥ አኖርካት። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነበር፤ እኔ አንድም አልወለድኩም። ሽማግሌ ጠራህ፤ በአባቶችህ የጉዲፈቻ ሥርዓት ግንባሬን ቅቤ አስቀባኸኝ። አንዲት ጊደርም ሀንዱራዋ ናት ብለህ ሰጠሃት። እኔ የቡልጋ ልጅ ምን አውቄ፣ ሀንዱራ ማለት ከነዘሩ የልጁ ሆኖ የሚቀር ከብት መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። በአንድ ጀምበር እናት አደረግከኝ።

ልጅቷ አፏን ስትፈታ ግን አንተን አባዬ አለች፣ እኔን አፀደ። አንተ አፀደ ብለህ ስለምትጠራኝ ነው እንጂ እሷ ምን ታውቃለች? ጎረቤት ይስቃል፣ አንተ ትስቃለህ፣ እኔም ከት ብዬ እስቃለሁ። የምስቀው ሰው ፊት ነበር። ማሳ ስትወርድ ትከሻህ ላይ፣ ስትመለስ ጉልበትህ ላይ ናት፤ አንተ ካላጎረስካት አትበላም። እኔ አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ሹሩባዋን ሠርቼ ስጨርስ ብድግ ብላ ወደ አንተ ትሮጣለች። ይከፋሽ ይሆን ወይ ብለህ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም። ይህችን ቅሬታዬን ያዝልኝ፤ ለራሴ ማመካኛ ግን አላደርጋትም።

ያ ክፉ ትኩሳት በስድስት ቀን ሲወስድህ አምስት ዓመቷ ነበር። አርባህ ካለፈም በኋላ ከብት በሚገባበት ሰዓት አጥሩ ሥር ቆማ መንገዱን ታያለች። ነይ ግቢ ስላት፣ አባዬ ሳይመጣ አልገባም ትለኛለች። ባጎርሳት ትተፋዋለች። እኔም እኮ ባሌ ሞቶብኛል! ለእሷ ሀዘን ሁሉም ከንፈሩን ሲመጥ፣ እኔን አይዞሽ ያለኝ ሰው ጥቂት ነው።

ፈረንጆቹ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ባልየው የፋብሪካውን መሬት ሊለካ የመጣ መሐንዲስ ነበር፤ ሚስትየዋ ወተት ለመግዛት ቤታችን ትመላለሳለች። ልጅ የላቸውም። አያንቱ ሳቀችላት። ለእኔ ስንት ወር የነፈገችኝን ሳቅ! ከዚያ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የምታገናኝ አንዲት ወይዘሮ ወረቀት ይዛ መጣች። አስተርጓሚው ጥድፍ ጥድፍ እያለ አነበበልኝ። ትማራለች፣ ሐኪም አታጣም፣ የእነሱ ወራሽ ትሆናለች አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ።

ከዚያስ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ሽማግሌ ጠራሁ። ሥርዓት እንዳይጎድል ብዬ የፈረንጇን ግንባር ለጋ ቅቤ ቀባሁ። ቅቤው በቅንድቧ ላይ እየወረደ እያለቀሰች ፈገግ አለችልኝ። እኔ ያሰብኩት በእናንተ ደንብ ነው፤ በጉዲፈቻ የሰጠ ሰው ዘመድ ያተርፋል እንጂ ልጅ አያጣም። ልጅቷ ለመስቀል ትመጣለች፣ ለቅሶ ሲሆን ትመጣለች፣ ሰጪና ተቀባይ እየተጠያየቁ ያሳድጋሉ። እነሱ ቅቤውን የአገር ወግ ነው ብለው አዩት፤ እኔ ውል የታሰረ መሰለኝ። አስተርጓሚውን፣ ለመስቀል ያመጧታል አይደል ብዬ ብጠይቀው፣ እነሱ እኮ ደግ ሰዎች ናቸው አለኝ። የጠየቅኩትን እንዳልመለሰልኝ አልገባኝም። ወይ ደግሞ እንዲገባኝ አልፈለግኩም።

ፈረንጆቹ አያንቱን የጫኑበት መኪና ሲነሳ አፀደ! አፀደ! እያለች ጮኸች። አባዬ አላለችም። እኔ እጄን አወዛወዝኩላት።

የመጀመሪያውን መስቀል ጠበቅኩ። ሁለተኛውንም ጠበቅኩ። በሦስተኛው ወይዘሮዋ ዘንድ ሄድኩ። አገራቸው ገብተዋል፣ ስሟም ተለውጧል፣ አድራሻ መስጠት አይፈቀድልኝም፣ ብትረሳችሁ ለልጅቷ ይሻላታል አለችኝ። በትሕትና ስለነገረችኝ መጮህ እንኳ አቃተኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ወረቀቱን ከሣጥን አውጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ልጅቷን በሚመለከት ምንም ጥያቄ ላላነሳ፣ ላልፈልጋትም ወድጄ ተስማምቻለሁ ይላል፤ ጥርት ባለ አማርኛ። ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት አለ። ያን ቀን ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የአያንቱ ሀንዱራ ጊደር ወልዳ ተዋልዳለች። ገመቹ አንዷን እንሽጥ ሲለኝ ባለቤቷን ጠይቅ እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቱፋ መጣ፤ ያ በቀኝ በኩል አዋሳኝህ የነበረው። ሚስቱን ከቀበረ ሁለት ወር አልሞላውም። ትንሹን ልጁን ለፈረንጅ እንዲሰጥ ያችው ወይዘሮ እንደዚያው ያለ ወረቀት ሰጥታው፣ አፀደ ማንበብ ትችላለች ሲሉት ይዞልኝ መጣ። ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ላልፈልገው የሚለው ጋ ስደርስ ሦስተኛ ደገምኩለት። ልጁ እዚያ ደህና ኑሮ ሊያገኝ እንደሚችልም ነገርኩት፤ ክፉ ሰዎች ናቸው ብል ውሸት ነው። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ፣ አንቺስ ቸግሮሽ ነው የሰጠሻት አለኝ።

ለጠየቀኝ ሁሉ አዎ ቸግሮኝ ነው ስል ኖሬያለሁ፣ ለነፍስ አባቴ ሳይቀር። ደገፋዬ፣ ጎተራው እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ የሞላኸው አንተው ነህ። ሁለት ላም ይታለብ ነበር። የሰጠኋት ቀንቼ ነው። ከሞትክም በኋላ ያንተ ብቻ ሆና ስትቀርብኝ፣ በአምስት ዓመት ሕፃን ቀናሁ። በእያንዳንዱ ምሽት አጥሩ ሥር ስትቆም፣ እኔ እዚህ ቤት ሰው አይደለሁም ወይ እያልኩ እበግን ነበር። ሀዘኗ ነበር እንጂ ጥላቻ አልነበረም። አንድ ክረምት ብታገሣት ኖሮ ትለምደኝ ነበር። አልታገሥኳትም።

ለቱፋ፣ አይ፣ ቸግሮኝ አይደለም አልኩት። ሌላውን መናገር አቃተኝ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ። ይስጥ አይስጥ አላውቅም።

ዝክርህን አላስታጉልም፣ እስክሞትም አስብሃለሁ። ይህ ለማንኛዋም ሚስት የሚያቅት አይደለም። እኔ የምምልልህ ከዚህ የሚከብደውን ነው። አያንቱ አንድ ቀን አድጋ፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም ጠፍቷት፣ አስተርጓሚ አስከትላ እዚህ ደጅ ብትቆምና ለምን ሰጠሽኝ ብትለኝ፣ ድሆች ነበርን አልላትም። ያ መልስ ለሷም ይቀላታል፣ እኔንም ያሳርፈኛል። አባትሽን ከእኔ አብልጠሽ ስለወደድሽብኝ ነው እላታለሁ። አስተርጓሚው አለሳልሶ እንዳያልፈው ደግሜ አስነግረዋለሁ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ብትሄድ አልይዛትም።

ሚስትህ አፀደ